በእጅ የሚገባ ዕውቀት፦ የዘላቂ አኗኗር መማሪያ ቦታ ለፕሪንስዳልም ይገባታል

ኦስሎ የአየር ንብረት ግባቸውን በቁጥር አስቀምጠው በየዓመቱ ራሳቸውን ከሚመዝኑ ከተሞች አንዷ ናት። ምክር ቤቷ በ2020 ያጸደቀው ስትራቴጂ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው) ከከተማዋ ክልል በቀጥታ የሚለቀቀው የሙቀት አማቂ ጋዝ በ2030 ከ2009ኙ መጠን በ95 በመቶ እንዲቀንስ ይጠይቃል። ከ2017 ጀምሮም ከገንዘብ በጀቱ ጎን ለጎን የአየር ንብረት በጀት ይዘጋጃል፤ ገንዘብ በብር እንደሚቆጠር ሁሉ ልቀትም በቶን ይቆጠራል፤ ኃላፊነቱም ለየመሥሪያ ቤቱ ይከፋፈላል።

ይህ ሥርዓት ብዙ ነገር ይለካል። የማይለካው ግን አለ። ነዋሪው ለዚህ ሁሉ ለውጥ የሚያስፈልገውን ዕውቀት ከማን፣ የትና እንዴት እንደሚያገኝ የሚነግር ሠንጠረዥ በበጀቱ ውስጥ የለም። ጉዳዩ «የማስገንዘቢያ ሥራ» በሚል ርዕስ ሥር ይወድቅና በራሪ ወረቀት፣ ፖስተርና የድረ ገጽ ማስታወቂያ ሆኖ ይቀራል።

የዚህ ጽሑፍ አቋም ዘላቂ አኗኗር በእጅ የሚለመድ ሙያ ነው የሚል ነው። ሙያ መለማመጃ ቦታ፣ በቂ ጊዜና የሚያሳይ አስተማሪ ይፈልጋል። ሦስቱም የበጀትና የሕግ ጥያቄዎች ናቸው፤ ስለዚህም በመራጮችና በተመራጮች ፊት ሊቀርቡ ይገባል። ጥያቄው በተለይ እንደ ፕሪንስዳል ላሉ ሠፈሮች ይብሳል፤ ምክንያቱም በእነዚህ ሠፈሮች የሚኖረው ሕዝብ ዕውቀት ይጎድለዋል ተብሎ ምክር ሲዘንብለት፣ ይዞት የመጣውን ዕውቀት የሚጠይቀው ሰው እምብዛም አይገኝም።

አረንጓዴው ከረጢት የሚያስተምረን

ፕሪንስዳል በኦስሎ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ በሶንድሬ ኑርድስትራንድ ክፍለ ከተማ የምትገኝ የመኖሪያ ሠፈር ናት። ከክፍለ ከተማው ነዋሪዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ራሳቸው ከሌላ አገር የመጡ ወይም ከስደተኛ ወላጆች የተወለዱ ናቸው። በዚያው ክፍለ ከተማ፣ ከፕሪንስዳል ብዙም ሳይርቅ፣ የክሌመትስሩድ የቆሻሻ መለያና ማቃጠያ ማዕከል ይገኛል። የከተማዋ ትልቁ ነጠላ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ምንጭ ይኸው ማዕከል ነው።

የማዕከሉ ሥራ የሚጀምረው ከየኩሽናችን ነው። የምግብ ትራፊ በአረንጓዴ ከረጢት፣ ፕላስቲክ ሌላ ቀለም ባለው ከረጢት፣ የቀረው ደግሞ በተራ የገበያ ከረጢት ተደርጎ ሁሉም በአንድ የቆሻሻ ገንዳ ይጣላል። በማዕከሉ ያለው ካሜራ የከረጢቱን ቀለም አይቶ ይለያል። ስለዚህ ነዋሪው ከረጢቱን በድርብ ቋጠሮ አጥብቆ እንዲያስር ይመከራል፤ ቋጠሮው ከተፈታ ትራፊው ይበተናል፤ የተበተነውም ከቀረው ቆሻሻ ጋር ወደ እሳት ይሄዳል። በአግባቡ የታሰረው አረንጓዴ ከረጢት ግን በሩመሪከ፣ በኔስ ወዳለው የባዮጋዝ ፋብሪካ ይጓዛል። ከትራፊው የሚወጣው ጋዝ ለተሽከርካሪ ነዳጅ፣ ቀሪው ፈሳሽ ደግሞ ለእርሻ ማዳበሪያ ይሆናል።

ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ መጻፍ ይቻላል፤ ተጽፎም ይታደላል። ሆኖም ድርብ ቋጠሮ ከወረቀት አይለመድም። ከዚህም በላይ፣ ወረቀቱ የሚያዝዘውን እንጂ የሚያዝዝበትን ምክንያት በሚጨበጥ መልኩ አያሳይም። በጎጃም ወይም በወሎ ገጠር አድጋ ፍግና አመድ ወደ ጓሮ ስታወጣ የኖረች እናት የድንች ልጣጩ ተመልሶ የእህል ማሳ እንደሚያለማ በዓይኗ ብታይ፣ «ፍግ ነዋ!» ብላ በአንድ ቃል ትጨርሰዋለች። ሰንሰለቱን ከልጅነቷ ታውቀዋለች፤ ለእርሷ አዲስ የሆነው ከረጢቱ ብቻ ነው። በራሪ ወረቀቱ ግን ከረጢቱን አስተዋውቆ ሰንሰለቱን ይደብቅባታል።

በአንጻሩ ማንም ትምህርት ሳይሰጥበት በእጅ የተለመደ ሥርዓት በዚህችው ከተማ አለ። በየሸቀጥ መደብሩ ባዶ ጠርሙስና ጣሳ ተቀብሎ መያዣውን ገንዘብ የሚመልሰው መሣሪያ ነው። ልጆች ጣሳ ማስገባቱን፣ ድምፁን መስማቱንና ደረሰኙን መቀበሉን ያውቁታል፤ ገንዘቡ ተመልሶ እጃቸው ሲገባ ደግሞ ዕቃው ዋጋ እንዳለው ይገባቸዋል። አዲስ አበባ ላደገ ሰውም ነገሩ እንግዳ አይደለም። «ቆራሌው» እያለ በየመንደሩ የሚዞረው ሰው፣ አሮጌ ልብስ ተቀብሎ የቤት ዕቃ የሚሰጠው ልዋጭ፣ የተጣለ ብረት ተቀጥቅጦ ምድጃና መጥበሻ የሚሆንበት የመርካቶው ምናለሽ ተራ፣ ሁሉም ያንኑ ትምህርት ያስተምራሉ። ሥርዓቱ የሚሠራው ሰው በየቀኑ ስለሚያደርገው ነው።

ሥራው ሲቀድም

የ«ዘላቂ ልማት» ጽንሰ ሐሳብ በዓለም መድረክ የታወቀው በኖርዌያዊቷ ጠቅላይ ሚኒስትር በግሮ ሃርለም ብሩንትላንድ በተመራው ኮሚሽን ነው። ኮሚሽኑ በ1987 ባወጣው ሪፖርት የዛሬው ትውልድ ፍላጎቱን ሲያሟላ የመጪውን ትውልድ አቅም እንዳይጎዳ ጠየቀ። ከዚያ ወዲህ ጽንሰ ሐሳቡ በስምምነቶች፣ በዐዋጆችና በመማሪያ መጻሕፍት ሰፍሯል። ሰው ሐሳቡን ተቀብሎ ኑሮውን ሳይለውጥ መቅረቱ ግን የየአገሩ ፖሊሲ አውጪ የሚያውቀው ችግር ነው።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ዱዊ በ1938 ባሳተመው ሥራው ትምህርትና ልምድ እንዴት እንደሚገናኙ ሲመረምር አንድ ጠቃሚ ልዩነት አስቀምጧል፤ ልምድ ሁሉ እኩል አያስተምርም፤ የሚያስተምረው ቀጣይነት ያለውና ለሚከተለው ልምድ በር የሚከፍት ነው። ይህ ልዩነት ለፖሊሲ ወሳኝ ነው። ተማሪዎችን በዓመት አንድ ቀን ወደ እርሻ ወስዶ ፎቶ አንሥቶ መመለስ ጉብኝት ነው። ዘር ዘርቶ፣ አረም ነቅሎ፣ በረዶ ሲመታው አዝኖ፣ የተረፈውን ሰብስቦ፣ አብስሎ መብላት ግን ትምህርት ነው። የሁለቱም ስም በሪፖርት ላይ «ተግባራዊ እንቅስቃሴ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ ውጤታቸው ግን አይገናኝም።

ኖርዌያዊው ፈላስፋ አርነ ነስ «ጥልቅ ሥነ ምኅዳር» የሚባለውን አስተሳሰብ በ1973 ለዓለም ከማስተዋወቁ በፊት፣ ከ1930ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ በሃሊንግስካርቬት ተራራ ሥር በሠራት ትቨርጋስታይን በተባለች ጎጆ ረጅም ጊዜ ኖሯል። ከዛፍ መስመር በላይ፣ ማገዶም ውኃም በድካም በሚገኝበት ስፍራ መኖር የምን ያህል ነገር ባለዕዳ መሆናችንን ያስቆጥራል። ፍልስፍናው ከዚያ ኑሮ ጋር አብሮ ያደገ ነው።

የእኛም አገር ምስክር አላት። በደቡብ ኢትዮጵያ የኮንሶ ሕዝብ የድንጋይ እርከን ከ400 ዓመት በላይ ዕድሜ ያስቆጠረ ሲሆን በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ያን እርከን ያቆመው ዕውቀት ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈው በሥራው ላይ ነው። ልጅ ከአባቱ ጋር ድንጋይ ሲሸከም የትኛው ድንጋይ ከሥር፣ የትኛው ከላይ እንደሚሆን ይለያል፤ ጎርፍ ሲመጣ የፈረሰውን አይቶ ምክንያቱን ይማራል። እርከኑ ዛሬም የቆመው የሚጠግን እጅ በየትውልዱ ስላልታጣ ነው።

ሙያ በልብ ሲቀር

«ሙያ በልብ ነው» የሚለው ብሂላችን ትሕትናን ያስተምራል። በፖሊሲ ዓለም ግን በልብ የቀረ ሙያ እንደሌለ ይቆጠራል። በኦስሎ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን፣ ኤርትራውያን፣ ሶማሌዎች፣ ፓኪስታናውያንና ሌሎችም ይዘውት የመጡት የቤት አያያዝ ዕውቀት በየትኛውም የማዘጋጃ ቤት ሰነድ እንደ ሀብት ተመዝግቦ አላየሁም።

በአንድ ኢትዮጵያዊ ቤት ያለውን ብቻ እንቁጠር። የተረፈ እንጀራ ፍርፍር ይሆናል፤ ከዚያም ካለፈ ደርቆ ድርቆሽ ሆኖ ለሳምንታት ይቀመጣል። ሥጋ ያለ ማቀዝቀዣ ቋንጣ ሆኖ ይቆያል። የሊጡ እርሾ ከአንዱ ጋገራ ለሚቀጥለው ይተላለፋል። የኦርቶዶክስ ምእመናን በዓመት 180 ቀን ገደማ ከሥጋና ከወተት ተዋጽኦ ርቀው በምስር፣ በሽሮና በጎመን ይኖራሉ፤ የሰሜኑ ዓለም ከተሞች ዛሬ የሥጋ ፍጆታን ለመቀነስ የሚያደርጉትን ዘመቻ የእኛ ማኅበረሰብ በምግብ ዝግጅት ጥበብ የታጀበ ባህል አድርጎ ለዘመናት ኖሮበታል። ወንፈልና ደቦ የሥራ መሣሪያንና ጉልበትን በጋራ የመጠቀም ሥርዓቶች ናቸው።

ይህን ስል ያለፈውን ሕይወት ለማስዋብ አይደለም። ብዙው ቁጠባ የድህነት ውጤት ነበር፤ ድህነትን ደግሞ ዘላቂነት ብለን ልናወድሰው አንችልም። በማገዶ ጭስ ውስጥ ምግብ ያበሰሉ እናቶች ሳንባቸውን ከፍለውበታል፤ ለማገዶ የተቆረጠው ዛፍም አልተተካም። ስለዚህ ከዚያ ኑሮ የሚወሰደው ተለይቶ፣ ተፈትኖና ከአዲሱ አገር አየር ጋር ተስማምቶ ነው። ይህ መለየት የሚቻለው ግን ባለ ዕውቀቶቹ በመማሪያው ቦታ በአስተማሪነት ሲገኙ ነው። አሁን ባለው አሠራር እናትየዋ ስለ ምግብ ብክነት በትርጉም የምትመከር ተደራሽ ናት። እዚህ የተወለደው ልጇ በበኩሉ ስለ ዘላቂነት በትምህርት ቤት ሰምቶ ይመጣና እቤቱ ያለውን ዕውቀት የኋላ ቀርነት ምልክት አድርጎ ያያል። በአንድ ጣራ ሥር ሁለት የዕውቀት ድሃዎች እየፈጠርን ነው፤ አንዷ የምታውቀው ዋጋ አጥቶባት፣ ሌላው የሚወርሰው ተሰውሮበት።

ኖርዌይ ያላት መሠረት

ኖርዌይ በእጅ የመማር ባህል የሌላት አገር አይደለችም። በኦስሎ የጌይትሚራ የትምህርት ቤት አትክልት ስፍራ ከ1909 ጀምሮ ልጆች የሚዘሩበትና የሚያጭዱበት ቦታ ሆኖ ቆይቷል። በዚያው አካባቢ በ2011 የተቋቋመው የልጆች የምግብ ባህል ማዕከል ሕፃናት ከዘር እስከ ገበታ ያለውን መንገድ በእጃቸው እንዲያልፉበት ያደርጋል። በቢዮርቪካ፣ በከተማዋ አዲስ የባሕር ዳርቻ ሕንጻዎች መካከል፣ ሉሴተር የተባለ የከተማ እርሻ አለ፤ በ2015 ከልዩ ልዩ የኖርዌይ እርሻዎች የመጡ ገበሬዎች አፈር ይዘው በሰልፍ ወደ ስፍራው አምጥተዋል። የከተማ ገበሬም ተቀጥሮበታል።

የሕግ መሠረትም አለ። የ1957ቱ የተፈጥሮ መዝናኛ ሕግ ማንም ሰው ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን በጫካና በተራራ እንዲመላለስ ይፈቅዳል፤ በዚህ ነባር መብት መሠረት ኦስሎን በከበባት ጫካ ማንም የዱር ፍሬና እንጉዳይ መልቀም ይችላል። በ2020 ሥራ ላይ የዋለው ሥርዓተ ትምህርት ዘላቂ ልማትን ከጤናና ሕይወት ክህሎት፣ ከዴሞክራሲና ዜግነት ጋር በሁሉም የትምህርት ዓይነቶች ከሚሰርጹ ሦስት ጉዳዮች አንዱ አድርጎታል። ከተማዋ በ2019 የከተማ ግብርና ስትራቴጂ አጽድቃለች፤ መንግሥትም በ2021 ብሔራዊ ስትራቴጂ አውጥቷል። ጎረቤት ተሰብስቦ ግቢ የሚያጸዳበት፣ አጥር የሚቀባበት ዱግናድ የሚባለው ልማድ ደግሞ ከደቧችን ጋር የሥጋ ዘመድ ነው ማለት ይቻላል፤ ሥራው ሲያልቅ አብሮ መብላቱ እንኳ ይመሳሰላል።

ችግሩ የክፍፍል ነው። ጌይትሚራ በሰሜናዊው የከተማዋ እምብርት፣ ሉሴተር በመሀል ባሕር ዳርቻ ናቸው። የፕሪንስዳል ልጅ እነዚህን በጉብኝት ያያቸዋል፤ በጉብኝት ደግሞ አዝመራ አይደርስም። ወቅትን የሚከተል ሥራ በእግር የሚደረስበት ቦታ ይፈልጋል፤ ውኃ ማጠጣት ለሚቀጥለው ሳምንት አይቀጠርም። የጫካው መብትም ቢሆን በወረቀት ላይ የሁሉም ነው፤ የትኛው እንጉዳይ እንደሚበላና የትኛው እንደሚገድል ከአያቱ ጋር ወጥቶ ያልተማረ ሰው ግን መብቱን ሊጠቀምበት አይችልም። ዕውቀት የሌለበት መብት ለባለ ዕውቀቱ ብቻ የተሰጠ ይሆናል።

ጉዳዩ ከመዝናኛም ያልፋል። ከፕሪንስዳል በታች፣ በሃውኬቶ በኩል የሚያልፈው የሊያን ወንዝ ከኖክሌቫን ሐይቅ ተነሥቶ ወደ ቡነፊዮርድ፣ ማለትም ወደ ውስጠኛው የኦስሎ ፊዮርድ ይፈሳል። በፊዮርዱ ኮድ የተባለው ዓሣ ቁጥር ተመናምኖ ከ2019 ጀምሮ እንዳይጠመድ ተከልክሏል። በዚህ ወንዝ ዳር ውኃ ቀድቶ ያልመረመረ፣ ከመንገድ የሚታጠበው ቆሻሻ የት እንደሚደርስ ያላየ ልጅ የፊዮርዱን ሞት የሚሰማው እንደ ሩቅ አገር ዜና ነው። ወንዙ ግን በሠፈሩ ያልፋል።

ከአገር ቤት ሁለት ትምህርቶች

የመጀመሪያው ስለ ዘመቻ ነው። ኢትዮጵያ በ2019 አረንጓዴ ዐሻራን ስትጀምር መንግሥት በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደተተከለ አስታውቋል። የሕዝቡ ተነሣሽነት የሚደነቅ ነበር። ነገር ግን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ መትከል የአንድ ቀን፣ ማጽደቅ ግን የዓመታት ሥራ ነው፤ ዋናው መለኪያም የጽድቀት መጠን ነው። በትግራይ የአብርሃ ወአጽብሃ ቀበሌ ነዋሪዎች የሄዱበት መንገድ ሌላ ነበር። ለዓመታት እርከን ሠርተው፣ ተራራውን ከልቅ ግጦሽ ከልለው፣ ውኃ እያሰረጉ የከርሰ ምድር ውኃቸው እንዲመለስ አደረጉ፤ በ2012ም የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የኢኳተር ሽልማት ተሰጣቸው። እያንዳንዱ ገበሬ የሥራውን ውጤት በራሱ ጉድጓድ የውኃ ከፍታ መለካት ይችል ነበር። ከዚህ የሚበልጥ የመማሪያ መሣሪያ የለም።

ሁለተኛው ስለ ሕግ ነው። የኢትዮጵያ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ ዐዋጅ ቁጥር 513 በ2007 ሲወጣ ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠና የማይበሰብሱ የፕላስቲክ ከረጢቶች እንዳይመረቱና ወደ አገር እንዳይገቡ ፈቃድ ከልክሎ ነበር። ፌስታል ግን ከገበያው አልጠፋም። ዘንቢልና ቅርጫት ይዞ ገበያ የመውጣት ልማድ የነበረው ሕዝብ ልማዱን ሲያጣ፣ ሕጉ ልማዱን የሚመልስ ሥራ አብሮ አላመጣም። ሕግ ያስፈልጋል፤ በእጅ ካልተለመደ ግን በነጋሪት ጋዜጣ ላይ ይቀራል።

ለሚነሡ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ቁጥርን ይጠቅሳል። በክሌመትስሩድ ሊሠራ የታቀደው የካርቦን መያዣ በዓመት 350,000 ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስቀራል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ጥቂት መደብ ጎመን ምን ይፈይዳል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የከተማዋን ልቀት በጓሮ አትክልት እንቀንሳለን የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል። ይሁንና ያ ፕሮጀክት ራሱ ወጪው ከታሰበው በላይ ስለ ናረ በ2023 ቆሞ ነበር፤ እንደገና የተጀመረው በ2025 ነው። እንዲህ ያለ የብዙ ቢሊዮን ክሮነር ውሳኔ በፖለቲካ ማዕበል መካከል የሚጸናው ለምን እንደሚያስፈልግ የሚገባው መራጭ ሲኖር ነው። በተጨማሪም ከሚቃጠለው ቆሻሻ የሚወጣው ከነዳጅ ዘይት የመነጨ ካርቦን በዋናነት ከፕላስቲክ ነው፤ በኩሽና በሚገባ የተለየ ፕላስቲክ ወደ እሳቱ አይደርስም። ትልቁ ፋብሪካና ትንሹ ቋጠሮ የአንድ ሥርዓት ሁለት ጫፎች ናቸው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከራሳችን ወገን፣ ከመብት ተሟጋቾች የሚመጣ ነው፤ የበካዮችን ኃላፊነት በድሃው ነዋሪ ጫንቃ ላይ መጫን ይሆናል ይላሉ። ስጋቱን እጋራለሁ። ስለዚህም ከዚህ በታች ያሉት ሐሳቦች ነዋሪውን በቅጣት ወይም በወቀሳ የሚያስገድዱ አይደሉም፤ ግዴታውን የሚጥሉት በማዘጋጃ ቤቱ ላይ ነው። ቦታ መስጠት፣ ደመወዝ መክፈልና ጊዜ መመደብ የመንግሥት ድርሻ ነው። በተግባር የተማረ ነዋሪ ደግሞ በበካዩ ላይ ከባድ ጥያቄ የሚያነሣ ነዋሪ ነው፤ አፈሩን የሚያውቅ ሰው አፈሩን ማን እንደመረዘው ይጠይቃል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የመምህራን ነው፤ ሰዓቱ ጠባብ፣ ክፍሉ የተጨናነቀ ነው። እውነት ነው። መፍትሔው በመምህሩ ላይ ሌላ ሥራ መጨመር ሳይሆን ያለውን ሰዓት ወደ ውጭ ማውጣትና የሚያግዘው ሰው መቅጠር ነው። መደብ ሲለካ ሒሳብ፣ ብስባሽ ሲታይ የተፈጥሮ ሳይንስ፣ የዘር ታሪክ ሲነገር ቋንቋ አለ።

ምን ይወሰን?

1. በሶንድሬ ኑርድስትራንድ ቋሚ የመለማመጃ ስፍራ ይቋቋም። በ2019ኙ የከተማ ግብርና ስትራቴጂ መሠረት፣ ከፕሪንስዳልና ከአጎራባች ሠፈሮች በእግር የሚደረስበት፣ የአትክልት መደብ፣ የብስባሽ ማዘጋጃ፣ የጋራ ኩሽናና የዕቃ መጠገኛ ያለው ይሁን። ለአንድ ወቅት ፕሮጀክት ሳይሆን በመደበኛ በጀት የሚተዳደር፣ ደመወዝተኛ የከተማ ገበሬ ያለው መሆን ይገባዋል። ሉሴተር ይህ እንደሚቻል አሳይቷል።

2. ነዋሪዎች በክፍያ አስተማሪ ይሁኑ። ከ2021 ጀምሮ የጸናው የውህደት ሕግ ለአዲስ ገቢዎች በሚሰጠው መርሐ ግብር ውስጥ በአዲስ አገር ሕይወትን ስለ መምራት የሚያስተምር ክፍል ግዴታ አድርጓል። የዚህ ክፍል የተወሰነ ሰዓት በመለማመጃ ስፍራው ይሰጥ። ምግብ የማቆየት፣ የማልማትና የመጠገን ልምድ ያላቸው ቀደምት ነዋሪዎችም በሰዓት ተከፍሏቸው ያስተምሩ። ቋንቋም ቢሆን አካፋና ድስት እየተያዘ ሲነገር ይቀናል።

3. ትምህርት ቤቶች አንድ ሙሉ ወቅት ያግኙ። ዘላቂ ልማት በሥርዓተ ትምህርቱ ከሰፈረ፣ እያንዳንዱ ልጅ በአንደኛ ደረጃ ትምህርቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከዘር እስከ ገበታ ያለውን ዑደት በእጁ እንዲያልፍበት በጀት ይያዝለት። የኖርዌይ የእርሻ ወቅት ከትምህርት ቤቱ የበጋ ዕረፍት ጋር ስለሚጋጭ፣ በዕረፍቱ ወራት መደቡን የሚጠብቁት ቤተሰቦችና የሠፈሩ ወጣቶች በክረምት ሥራ መልክ ይሁኑ።

4. የቤት ማኅበራት ይደገፉ። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ማኅበራት የዱግናድ ቀናቸውን ለብስባሽ፣ ለጋራ መሣሪያና ለጥገና እንዲያውሉት አነስተኛና አሠራሩ ቀላል የሆነ ድጎማ ይዘጋጅ። ማመልከቻው የኖርዌይኛ ጥልቅ ችሎታ የሚጠይቅ ከሆነ ገንዘቡ ወትሮ ወደሚያገኙት ሠፈሮች ይሄዳል።

5. ውጤቱ ይለካ። በአየር ንብረት በጀቱ ዓመታዊ ዘገባ ውስጥ ሦስት መለኪያዎች በክፍለ ከተማ ተለይተው ይካተቱ፦ በአረንጓዴ ከረጢት የሚሰበሰበው የምግብ ትራፊ መጠንና ንጽሕና፣ ለእርሻ መደብ የሚጠብቁ ሰዎች ብዛት፣ ከሥልጠና ሁለት ዓመት በኋላም በተግባር የቀጠሉ ተሳታፊዎች ቁጥር። ሦስተኛው መለኪያ የጽድቀት መጠን ነው። ስንት ሰው ተገኘ ከሚለው ይልቅ ስንት ሰው ቀጠለ የሚለው ይጠየቅ።

የውሳኔው ጊዜ

መንግሥትና ማዘጋጃ ቤቱ በ2018 የጀመሩት የደቡብ ኦስሎ የአካባቢ ማሻሻያ መርሐ ግብር የታቀደው እስከ 2026 ድረስ ነው። እንዲህ ያሉ መርሐ ግብሮች ሲያበቁ ፕሮጀክቶች ይዘጋሉ፤ የተቀጠሩ ሰዎች ይበተናሉ፤ በጥቂት ዓመት የተለመደው ነገር ይረሳል። ስለዚህ የምክር ቤት አባላት ጽሕፈት ቤቶች ሊጠይቁት የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ በሶንድሬ ኑርድስትራንድ ከተጀመሩት ተግባራዊ ሥራዎች የትኞቹ ወደ መደበኛ በጀት እንደሚሸጋገሩ ነው። ለመብት ተሟጋቾች ደግሞ ሥራው ከአሁኑ ይጀምራል፤ በየቤቱ፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ያለውን ሙያ መዝግበን፣ ባለሙያዎቹ ራሳቸው በክፍለ ከተማው ምክር ቤት ፊት ቆመው እንዲናገሩ መንገድ መጥረግ አለብን።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። እስከ 2030 የቀረው ሸክም ለማዘጋጃ ቤቱ ብቻውን ከባድ ነው፤ ለባለ ፋብሪካውም እንዲሁ። ነዋሪው ሎሚውን እንዲቀበል ከተፈለገ ግን መጀመሪያ በእጁ የሚይዝበት ቦታ ይሰጠው።